ለአጎቴ ሲጋር ስመርጥ

አጎቴ እሁድ ልጁን ይድራል። ዛሬ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ወርጄ ጥሩ ሲጋር፣ ማለትም በትምባሆ ቅጠል የተጠቀለለውን፣ ስፈልግለት ዋልኩ። ብዙ ሰው ስሙን አይቶ ይገዛል። እኔ መጀመሪያ የማየው የላይኛውን ቅጠል ነው፤ ስንጥቅ የሌለው፣ ትንሽ ወዝ ያለው መሆን አለበት። ከዚያ በሁለት ጣቴ ቀስ አድርጌ ጫን እለዋለሁ። ገባ ብሎ ከተመለሰ ጥሩ ነው። ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። አንድ ቦታ ላይ ከጠጠረ ጭሱ እንደ ልብ አይሳብም።

ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል። የጎንደር በጋ ደግሞ ደረቅ ነው። አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ የኩባ ሲጋር አይቼ በጣም አዘንኩ። ስንት እጅ የደከመበት ነገር!

ሌላው ባለሱቅ «ቆይ ወንድሜ» ብሎ ከጓዳ የእንጨት ሳጥን አወጣ። የሚለኮሰውን ጫፍ አየሁት። ውስጡ ረጃጅም ቅጠል ነው፣ ብጥስጣሽ የለበትም። ሳልከራከር ከፈልኩ።