ቀጥ ያለው ዘንግ

ያን ጣውላ ያበላሸሁት ሰንፌ አይደለም፤ ታዝዤ ነው።

ገና ከመጋዝ የወጣ፣ ከ1 ሜትር ትንሽ የሚረዝም፣ 30 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ነበር። ተልጎ ሲያልቅ 25 መሆን አለበት። ጎድጓዳውን ጎን ወደ ታች ደፍቼ፣ እንዳይወዛወዝ ከሥሩ ሽብልቅ ወትፌ፣ ጉብ ያለውን መሃሉን በአግድም ላግኩት። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

ጋሼ መጡና የጣውላ መጠማዘዝ የሚፈተሽባቸውን ሁለቱን ዘንጎቻቸውን አንዱን በዚህ ጫፍ፣ አንዱን በዚያ ጫፍ አጋድመው፣ ዝቅ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። የሩቁ ዘንግ ግራ ጫፉ ከቅርቡ በላይ ብቅ ብሏል።

«ተጠማዟል። ያን ማዕዘን አውርደው።»

አወረድኩት። በሰያፍ ከፊቱ ያለውን ማዕዘንም እንዲሁ። አንደኛው ማዕዘን ላይ ጉጥ ነበረበት፤ መላጊያውን ከየትም ልምጣበት ይቦጭቀዋል። ስለቱን ሁለት ጊዜ ስዬ፣ ክንዴ ዝሎ፣ ከስንት ምልልስ በኋላ የሁለቱ ዘንጎች ጠርዝ ገጠመ። «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉና ሄዱ።

ደስ ስላለኝ አንዴ ልድገመው ብዬ ዘንጎቹን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኳቸው። አየሁ። 6 ሚሊሜትር ጠማማ! እንጨት ይንቀሳቀሳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ግን ዓይኔን ዞር እስካደርግ? አንዱን ዘንግ ግራና ቀኙን አዙሬ አስቀመጥኩት፤ ገጠመ። መለስኩት፤ 6። ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምኳቸው። አንደኛው በአንድ ጫፉ በ3 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። ለካ ደህናውን ጣውላ በ3 ሚሊሜትር ሳጣምመው ነው የዋልኩት፤ ዘንጉ ሲዞር ደግሞ ስህተቱ እጥፍ ሆኖ ይታያል።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ዘንግ ልክ አይደለም።»

«እኔ ራሴ ነኝ እኮ የላግኩት!» ስኳድራቸውን ጠርዙ ላይ አስጠግተው ወደ ብርሃን አዞሩልኝ። ክር የምታህል ብርሃን አታሾልክም። «ቀጥ አላለም?»

«ብሏል።»

«ታዲያስ?»

«ቀጥ ማለቱን መች ካድኩ? አንዱ ጫፉ ሰፊ፣ አንዱ ጫፉ ጠባብ ነው።»

ዘንጉን ገለበጡት፤ መለሱት። ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ የዚያን ዝምታ ያህል የጣፈጠኝ ነገር ብዙ የለም። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «መለኪያ ሳይፈትሹ ሥራ ይጀመራል?» አሉኝ። ሥራውን የጀመርኩት እኔ ብቻ ሆኜ ቀረሁ።

ጣውላው ጠማማው እንደገና ተልጎለት፣ ሌላው ጎኑም ወጥቶለት 22 ላይ ቆመና ለመሳቢያ ጎን ዋለ። ጋሼ ለአዲስ ልጆች ሁሉ «አንዱ ዘንጉን ሳይፈትሽ ጣውላ አበላሽቶብኝ» እያሉ ያስተምሩበታል። ዘንጉ የማን እንደነበረ ታሪኩ ውስጥ የለም።

የራሴን ዘንጎች የሠራሁት ሁለቱን አንድ ላይ ሞርሳ ውስጥ አስሬ፣ በአንድ ላይ ልጌ ነው፤ እኩል ካልሆኑ ምን ይሁን! ትናንት አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሳይነግረኝ ጎን ለጎን አቁሞ፣ አንዱን አዙሮ ሲያያቸው ደረስኩበት። ልክ ነው፣ እንዲያ ነው የሚደረገው። ግን ደሜ ፈላ።

«እኔ ራሴ ነኝ እኮ የላግኳቸው!» አልኩት።