ብየዳ ቤታችን ውስጥ ሰዓት መያዝ ስንጀምር

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የብረት በርና መስኮት እንሠራለን። እሱ በያጅ ነው። እኔ ማኔጅመንት ተምሬ የቤቱን ሒሳብና ትእዛዝ እይዛለሁ። ሲጀመር እሱና አንድ ረዳት ብቻ ስለነበሩ ልኩም፣ ቀብዱም፣ የማስረከቢያው ቀንም በወንድሜ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ከዚያ ከተማዋ አደገች። የኢንዱስትሪ ፓርኩ መጣ፣ ፋብሪካ በዛ፣ ቤት የሚሠራው ሰው በረከተ። እኛም ሠራተኛ ጨመርን። ነገር ግን ሰው በጨመርን ቁጥር ሥራው ይባስ ይዘገይ ጀመር።

እንዲህ ሲሆን ሰው ቶሎ የሚለው "ሠራተኛው ሰንፏል፣ ቆጣ በሉበት" ነው። እኔ በዚህ አላምንም። ቁጣ የጠፋ የብረት መቁረጫ ዲስክ አያገኝም።

ትምህርት ቤት ስለ ፍሬድሪክ ቴይለር ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1911 "ሳይንሳዊ አስተዳደር" የሚለውን ሐሳቡን በመጽሐፍ ያወጣ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ፔንስልቬንያ በሚገኝ የብረት ፋብሪካ የአካፋ ሥራን አጥንቶ፣ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሳይዝል ብዙ የሚሠራው በአንድ ዝቆ 9.5 ኪሎ ገደማ ሲያነሳ ነው አለ። ስለዚህ ለከባዱ ማዕድን ትንሽ አካፋ፣ ለቀላሉ ትልቅ አካፋ ተዘጋጀ። እኔ የምወድለት ይህን ነው። ሰውየውን ሳይሆን አካፋውን ነው የቀየረው።

የማልወድለትም አለ። እዚያው ፋብሪካ ብረት የሚሸከሙትን ሠራተኞች በቀን ከ12.5 ቶን ወደ 47.5 ቶን አደረሳቸው፤ ደመወዛቸው ግን ከ1.15 ዶላር ወደ 1.85 ብቻ ነው ያደገው። ሥራው አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ ክፍያው ግን እጥፍ እንኳ አልሆነም። ያንን ሸክም የሚችለውን ሰው ከበሬ ጋር ያመሳሰለውም እሱ ነው። በዚያው 1911 ዓመት ዋተርታውን በሚባል የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች በእሱ ዘዴ ሥራቸው በሰዓት ሲለካባቸው ሥራ አቁመው ወጡ። እውነት ነበራቸው።

ስለዚህ እኔ ሰዓት የያዝኩት ለሰው አይደለም። አንዲት መስኮት መረጥኩና ብረቷ ከሚቆረጥበት ጀምሮ ቀለሟ እስኪደርቅ ድረስ በስልኬ ሰዓት እየያዝኩ በደብተር ተከተልኳት። አንጋፋው በያጃችን ስልኬን ሲያይ "ልጄ፣ ሰዓት ልትይዢብኝ ነው?" አለኝ።

"እርስዎን አይደለም ጋሼ። መስኮቷን ነው የምከተለው።"

ብየዳው ራሱ ትንሽ ጊዜ ነው የፈጀው። ትልቁን ጊዜ የበላው መጠበቅ ነው። ዲስክ አልቆ ልጅ ሱቅ ይላካል። ስኳድራው፣ ማለትም የማዕዘን መለኪያው፣ ይፈለጋል። "ይህ 1.20 ነው ወይስ 1.25?" ተብሎ ወንድሜ ይጠበቃል፤ ወንድሜ ደግሞ ሌላ ሳይት ልክ ሊወስድ ሄዷል። ሠራተኛ ስንጨምር የጨመርነው ወንድሜን የሚጠብቀውን ሰው ነበር።

ስለዚህ ልኩ ከእሱ ጭንቅላት ወደ ወረቀት ወጣ። አሁን እያንዳንዱ ትእዛዝ ሥዕል፣ የሚቆረጠው ብረት ርዝመትና ብዛት ተጽፎለት ነው ወደ መቁረጫው የሚሄደው። እዚህ ላይ ያገኘነው ጥቅም እኔንም አስደንቆኛል። ብረቱ 6 ሜትር ሆኖ ነው የሚመጣው። 1.20 በ1.50 የሆነ መስኮት ፍሬም ዙሪያው 5.40 ነው፤ 60 ሳንቲ ይተርፋል። ድሮ ያ ቁራጭ ጥግ ይወረወር ነበር። አራት መስኮት ስትቆርጥ ግን አራት ቁራጭ አለህ ማለት ነው፤ ዲስኩ ከሚበላው ጥቂት ሚሊ በቀር የመታጠቢያ ቤት 60 በ60 መስኮት ፍሬም ይወጣዋል። ዝርዝሩ አስቀድሞ ስለሚጻፍ ትንሿ መስኮት ከትልልቆቹ ጋር አብራ ትታቀዳለች። በዛሬ የብረት ዋጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ጠረጴዛው ነው። ፍራንክ ጊልብሬዝ የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ግንበኞች ለእያንዳንዱ ጡብ ወደ መሬት እንደሚያጎነብሱ አይቶ፣ ጡቡን ከፍ አድርጎ የሚያቀርብ መወጣጫ ሠራላቸው። 18 የነበረው እንቅስቃሴ 5 ሆነ። በሰዓት 120 ጡብ ይደረድር የነበረው ሰው 350 ደረሰ። የእኛ ሰፈር በያጅ ደግሞ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ነው ዕድሜውን የሚጨርሰው። ጋሼን የሚመቻቸውን ቁመት ጠየቅናቸውና በእሳቸው ልክ የብረት ጠረጴዛ ሠራን። ላዩ ላይ ማዕዘን የሚይዙ ብረቶች በየድን፤ ፍሬሙ እዚያ ሲገባ በራሱ ስኳድራ ይይዛል። ማታ ወገባቸውን ይዘው መነሳት ቀርቷል። ለእኔ ከፍጥነቱም ይልቅ ይህ ይበልጣል።

የሳምንቱን ዕቅድ ግድግዳ ላይ በጠመኔ እንጽፋለን፤ የቴይለር ባልደረባ የነበረው ሄንሪ ጋንት ያስለመደውን ዓይነት ሠንጠረዥ ነው። ግን የእኛን አገር ካላወቀ አይሠራም። ሥላሴ በ7፣ ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፤ ብረት የማይነካ ሠራተኛ ስላለን እነዚህ ቀኖች አስቀድመው ይጻፋሉ። በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ጠዋት የተቀባ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ መቁረጥና መበየድ ጠዋት፣ ቀለም ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይሆናል። መብራት ከሄደ መለካትና መሞረድ አለ።

ክፍያው ላይ ከወንድሜ ጋር ብዙ ተከራክረናል። ከተስማማንበት ቁጥር በላይ ለወጣ መስኮት ሁሉ ጭማሪ አለ፤ ይህንን በቀላሉ ተቀበለ። ያልተዋጠለት ሌላው ነው፤ ሠራተኛው ሲፈጥን ለአንድ መስኮት የሚከፈለው ዋጋ አይቀነስበትም። ቴይለር ራሱ ያየው ነገር ነው፦ ሰው ሆን ብሎ የሚያዘግመው ስንፍና ይዞት ሳይሆን፣ ከፈጠነ አለቃው ዋጋውን እንደሚቆርጥበት ስለሚያውቅ ነው። አሁን ዋጋው ተጽፎ ከሠንጠረዡ ጎን ተለጥፏል፣ የወንድሜም ፊርማ አለበት።

ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴም ወደ አገራችን ከገባ ቆይቷል፤ የካይዘን ኢንስቲትዩቱ የተቋቋመው በ2004 ዓ.ም. ነው። "ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት" የሚለውን መሣሪያ መስቀያው ላይ ተጠቅመንበታል። የእያንዳንዱ ዕቃ ቅርጽ በቀለም ተሥሏል፤ ስኳድራው ከጠፋ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል።

አሁን የምከታተለው ተከላን ነው። ልጆቹ ሳይት ደርሰው ልስኑ ስላላለቀ የሚመለሱበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ መኪና ከመጫኑ በፊት ለባለቤቱ ተደውሎ የመስኮቱ ቀዳዳ ፎቶ እንዲላክ እናደርጋለን።