ሙክቱ ሄደ፣ ብሩ አልመጣም

ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ነው። ጋሼ (አጎቴ ናቸው፣ ግን ጋሼ ነው የምላቸው) ከመንዝ ሁለት ሙክት ይዘው ደብረ ብርሃን በግ ተራ መጡ። አንዱን በጠዋቱ በጥሬ ብር ሸጡት። ሁለተኛውን አንድ ወጣት፣ አለባበሱ ያማረ፣ በየቃሉ "አባባ" የሚል፣ በ14 ሺህ ብር ተስማማ። "ጥሬ ብር አልያዝኩም፣ በቴሌብር ላስገባልዎት" አላቸው። ጋሼም ቁጥራቸውን ነገሩት። ልጁ ስልኩን ነካ ነካ አደረገ፣ ትንሽ ቆይቶ የጋሼ ስልክ ጮኸ። መነጽር አልያዙም። እሱው ተቀብሎ አነበበላቸው፦ 14 ሺህ ብር ገብቷል። በጉን ባጃጅ ላይ ጭኖ ሄደ።

ማታ እኔ ቤት ሲገቡ ሜሴጁን አየሁት። የግብይት ቁጥር አለው፣ ቀንና ሰዓት አለው፣ ሲጨርስም ያመሰግናል። የላከው ግን የቴሌብሩ 127 አይደለም፣ በ09 የሚጀምር የሰው ቁጥር ነው። *127# ብዬ ባላንሱን ሳየው 86 ብር። ሲጀመር የተላከ ብር ስለሌለ የሚታገድም የሚመለስም ነገር የለም። ልጁ የላከው ጽሑፍ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ተቆጣሁ። እንዴት ባላንስ ሳያዩ በግ ይለቃሉ ብዬ ጮህኩባቸው። ጋሼ እሳቱን እየቆሰቆሱ ዝም ብለው ቆዩና "ልጄ፣ ሰውዬው አክብሮ እያናገረኝ 'ቆይ ላጣራ' ብለው ሌባ ነህ ማለት አይሆንም?" አሉኝ። ያን ቀን አልገባኝም። አሁን ሳስበው ግን እኛን የሚያስበላን ቴክኖሎጂ አለማወቃችን ብቻ አይደለም፣ ይሉኝታችን ነው። ሌቦቹ ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል።

እንዴት ገባህ አትሉኝም? ወር ሳይሞላ እኔው ራሴ ልበላ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ጣት በማያስዘረጋበት ሰዓት፣ ስልኬ ጠራ። "ከባንክ ነው" አለኝ፣ ስሜን እስከ አባቴ ጠርቶ። ፋይዳዎ ከአካውንትዎ ጋር አልተያያዘም፣ ዛሬ ካልተስተካከለ ሒሳብዎ ይዘጋል፣ አሁን የሚደርስዎትን ስድስት አሃዝ ቁጥር ያንብቡልኝ። ድምፁ የተረጋጋ፣ ከኋላው የቢሮ ጫጫታ የመሰለ ነገር ይሰማል። ቁጥሩ እውነትም መጣ። ማንበብ ጀመርኩ። አራቱን ጨርሼ አምስተኛው ላይ ስደርስ ባለቤቴ ከጓዳ "ማን ነው?" አለች። "ባንክ ነው።" "ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት?"

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ላቤ በዚያ ብርድ ቁልቁል ወረደ። ጋሼ ላይ የጮህኩት ትዝ ሲለኝማ አፈርኩ።

ስሜን ከየት አገኘው? አስማት የለበትም። ለወንድሜ ሰርግ መዋጮ ስንሰበስብ የአካውንት ቁጥሬን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከነስልኬ ለጥፌው ነበር። ገንዘብ ሊልክ ቁጥሩን ላስገባ ሰው ደግሞ የባለቤቱ ስም ይመጣለታል። ከዚያ በኋላ ያደረገው ምን መሰላችሁ፣ በራሱ ስልክ ላይ የባንኩን አፕ ከፍቶ በእኔ ስም ሊገባ ሞከረ፣ ሲስተሙም "ባለቤቱ ነህ ወይ?" ለማለት ኮዱን ወደ እኔ ላከ። ማለትም ያ ስድስት አሃዝ የቤቴ ቁልፍ ነበር፣ እኔ ደግሞ በመስኮት እያቀበልኩት ነበር። የባንክ ሠራተኛ ይህን ኮድ አይጠይቅም። ፒንም አይጠይቅም። የጠየቀ ሁሉ ሌባ ነው፣ በቃ፣ ምርመራ አያስፈልገውም።

እዚያው እሁድ ጋሼ ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩና ስልካቸውን አብረን ተቀመጥንበት። ጉድ ነው ያየሁት። ፒናቸው በፕላስተር ላይ ተጽፎ ስልኩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። ያ ልጅ አንብብልኝ ብለው ሲሰጡት እንዳላየው ምን ማረጋገጫ አለ? ሲሙ ደግሞ የተመዘገበው ከዓመታት በፊት ባወጣላቸው የእህታቸው ልጅ ስም ነው፣ እሱ ደግሞ አሁን አረብ አገር ነው። ስልኩ ቢጠፋ ሲሙን ማስመለስ የሚችለው እሱ እንጂ እሳቸው አይደሉም፣ ብራቸው ግን እዚያው ቁጥር ላይ ነው። ገጠር ላሉ ዘመዶቻችሁ ሲም ያወጣችሁላቸው ካላችሁ አሁኑኑ በስማቸው አዙሩላቸው፤ ይሄ ከሁሉም የባሰው ነው፣ ማንም ግን ትዝ አይለውም።

መታወቂያም እንዲሁ ነው። ፋይዳ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። 16 አሃዙ፣ ፋን የሚሉት፣ ለሚጠይቃችሁ ተቋም የምትሰጡት ነው፣ 12 አሃዙ ግን ለራሳችሁ የሚቀመጥ ነው። እኛ ደግሞ ካርዱን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስተን "ሥራ አለ" ላለን ሁሉ በቴሌግራም እንልካለን፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የተበላሸውን ኮፒ ጠረጴዛ ላይ ጥለን እንወጣለን። እኔ አሁን ኮፒ ስሰጥ ላዩ ላይ ለምን ጉዳይ እንደሰጠሁና ቀኑን በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ። ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ።

ብሩ በእርግጥ ከወጣ ግን ደቂቃ ነው ዋጋ ያለው። ሌባው ወደ ሌላ ሒሳብ ሳያሻግረው ወይም ወኪል ጋ ሄዶ ሳያወጣው፣ ቴሌብር ከሆነ 127፣ ባንክ ከሆነ የባንኩን አጭር ቁጥር ደውሎ ማሳገድ፣ ከዚያ ፖሊስ። ሜሴጁን እንዳታጠፉት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትንም ማጭበርበሩንም ወንጀል ብሎ አስቀምጦታል፣ ስለዚህ "ምን ይደረጋል፣ እጣዬ ነው" ብሎ ቤት መግባት የለም። ጋሼን ለማመልከት የወሰድኳቸው እየጎተትኩ ነው። ያፈሩት እሳቸው ናቸው እንጂ ሌባው አይደለም።

ፕላስተሩን ላጥነው። አዲስ ፒን አወጡ፣ ለእኔም አልነገሩኝም፣ ጎበዝ አልኳቸው። ባላንስ ማየትን ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው።

በቀደም ከበግ ተራ ደወሉልኝ። ከኋላቸው በግ ይጮሃል፣ አንድ ሰው "አባባ ቸኩያለሁ እኮ" ይላል።

"ገብቷል ብሎኛል" አሉኝ።

"ባላንሱን አዩት ጋሼ?"

"እያየሁ ነው። ገመዱን ግን አለቀቅኩም።"