በባዶ ሲዲ የህዋሶችን አካሄድ እንዴት እንዳየሁ

ድሬዳዋ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ህዋስ የሚረግጠው ወለል አካሄዱን እንደሚመራው ተማሪዎቼ በዓይናቸው እንዲያዩ ፈለግኩ። ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሠራው ቦይ ያለው ወለል ዋጋው አይቀመስም። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ግን ባዶ ሲዲ ሞልቷል፤ በየ1.6 ማይክሮሜትሩ (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ቦይ አለው።

የሲዲውን አብረቅራቂ ሽፋን በፕላስተር ላጥኩ፣ ቀለሙን በአልኮል አጠብኩ። አሥር እጅ ሲሊኮን ከአንድ እጅ ማጠንከሪያው ጋር ደባልቄ አፈሰስኩበትና በሙቀት አደረቅኩት። ሲላጥ ቀስተ ደመና ካሳየ ቦዮቹ ተቀርጸዋል ማለት ነው። መሀል ያለው ጥርት ያለ ቀለበት ቦይ ስለሌለው እዚያ ላይ የተቀረጸው ለማነጻጸሪያ ሆነኝ፤ ይቺን እንዳትዘሏት፣ ያለሷ ያያችሁት ነገር ከቦዩ ይምጣ ከሲሊኮኑ አታውቁም።

ህዋሶቹን ያገኘሁት ሳምንት ያለፈው የጫጩት ፅንስ ካለበት የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ነው። የልቡን ብጣሽ ጀላቲን በተቀባው ሲሊኮን ላይ አሳረፍኩ። ኤል-15 የሚባለው ፈሳሽ ምግብ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለማይፈልግ የእንቁላል ማስፈልፈያው ራሱ በቂ ነበር። የድሬ አየር ደረቅ ነውና ፈሳሹ እንዳይተን ዕቃውን አሽጉት፣ ውሃም አጠገቡ አስቀምጡ።

ቦይ በሌለው ለስላሳው ላይ ፋይብሮብላስቶቹ (የአካል ማያያዣ ክሮችን የሚሠሩት ህዋሶች) በየአቅጣጫው ተበተኑ። ቦዩ ላይ ግን ረዝመው በቦዩ ተሰለፉ፣ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው፤ ቦይ መስመር ይሰጣል እንጂ ወዴት ሂድ አይልም። ደግሞ አንድ ህዋስ ብዙ ቦዮችን በአንዴ ይሸፍናል፣ ስለዚህ ቦይ ውስጥ ገብቶ የሚሄድ አይምሰላችሁ። ወለሉን ኢንተግሪን በሚባሉ የገጹ ፕሮቲኖች ይይዛል፣ ውስጡ ያሉት አክቲን የሚባል ፕሮቲን ክሮች በቦዩ ርዝመት ይደረደራሉ፣ ጉልበቱም ወደዚያው ይሄዳል።

የካንሰር ህዋስ እዚህ አላሳደግኩም። ነገሩን የምወደው ግን በሱ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአይጦች የጡት ዕጢ ጠርዝ ላይ ኮላጅን የሚባለው የአካል ማያያዣ ፕሮቲን ክሮች ወደ ውጭ ተዘርግተው፣ የዕጢው ህዋሶች እነሱን ተከትለው ሲወጡ አሳይተዋል። ቁስል ለማዳን የሚሮጠው ጤነኛ ህዋስም በእንዲህ ዓይነቱ ክር ይመራል። በጤነኛውና በካንሰሩ ህዋስ መካከል ትልቁ ልዩነት የሚታየው ከሌላ ህዋስ ጋር ሲጋጩ ነው። ተመራማሪዎቹ ማይክል አበርክሮምቢና ጆአን ሂይስማን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በዚሁ በጫጩት ልብ ፋይብሮብላስት እንዳሳዩት፣ ጤነኛው ጎረቤቱን ሲነካ ይቆማል ወይም ይዞራል። የሳርኮማ (የማያያዣ አካል ካንሰር) ህዋስ ግን ጤነኛውን ነክቶም ጉዞውን ይቀጥላል። ስለዚህ ተማሪዎቼን መንገዱን ብቻ ሳይሆን ግጭቱንም እዩ እላቸዋለሁ።

ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ የህዋሶቹን ማዕዘን ራሳችሁ አትለኩ። ዓይን የጠበቀውን ያያል። ፎቶዎቹን በዘፈቀደ አዙራችሁ፣ የትኛው ከየትኛው ወለል እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ስጡት።