የፈረምኳቸው ሃያ ደቂቃዎች

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሳለ በየማታው 20 ደቂቃ እንዲያነብ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይመጣል። ማንበቡን አይቶ ወላጅ ይፈርማል። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤታችን በጊዜ መውጣት አለብኝ። መጽሐፉ ሲወጣ ሆዱን ያመዋል፣ ውኃ ይጠማዋል፣ ሽንት ቤት ይሄዳል። "አንተ ሰነፍ! እኛ በኩራዝ ነው የተማርነው" ብዬ እጮኽበትና ሰዓቴ ሲደርስ ሳያነብ ፈርሜለት እሮጣለሁ። ለወራት እንዲህ ፈረምኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ እሑድ ቡና ሳፈላ ለታናሽ እህቱ ሲያነብላት ሰማሁት፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ደስ ብሎኝ ጠጋ ስል ገጹ የሚለው ሌላ፣ እሱ የሚለው ሌላ! ሥዕሉን እያየ ከራሱ ተረት እየፈጠረላት ነው። አይቶት የማያውቀውን መጽሐፍ አምጥቼ በጣቴ ሳስነብበው የመጀመሪያውን ፊደል ያይና የቀረውን ይገምታል። "እማዬ፣ እኔ እኮ ሰነፍ አይደለሁም። ፊደሎቹ አይያዙልኝም" አለኝ።

ለእኛ "በ" የትም ቢገባ "በ" ነው። እንግሊዝኛ ግን ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች የሚባሉት አራቱ ፊደሎች ተከታትለው ሲመጡ አንዱ ቃል ላይ "ኦ"፣ ሌላው ላይ "ኡ"፣ ሌላው ላይ "አፍ" ይሆናሉ። ፊደል የማይያዝለት ልጅ ይህን እንዴት ይቻለው?

መምህርቷ "ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ነው፣ ጊዜ ስጪው" አለችኝ። አማርኛ እንዳላወራውም የመከሩኝ ነበሩ። እሺ አላልኩም፤ በአማርኛ ሲያወራ እኮ ማንም አይችለውም።

መንገዱን ያሳየችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። "ልጁ እንዲመረመር በአፍሽ አትጠይቂ፣ ጽፈሽ ስጫቸው" አለችኝ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ባለው ሕግ የሕዝብ ትምህርት ቤት ለመማር የሚቸገርን ልጅ በነፃ ይመረምራል፤ አልመረምርም ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። እዚህ ሜሪላንድ ወላጅ ፈቃዱን ከፈረመ በኋላ ምርመራውን ለመጨረስ 60 ቀን አላቸው። አስተርጓሚም ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ ብቻዬን ገብቼ በነበረበት የመጀመሪያው ስብሰባ ግማሹ አልገባኝም።

የምርመራው ውጤት ዲስሌክሲያ ሆነ፤ ፊደልን ከድምፁ ማገናኘት የሚያስቸግር የንባብ ችግር ማለት ነው። ስንፍናም አልነበረ፣ አማርኛውም አልነበረ። አሁን ከድምፅ ጀምራ ፊደል በፊደል የምታስተምረው መምህርት አለችው። ቡክሼር የሚባለው የመጻሕፍት አገልግሎትም እንደሱ ላሉ ተማሪዎች እዚህ ነፃ ነው፤ መጽሐፉ በድምፅ ሲነበብለት የሚነበበው ቃል ስለሚቀለም በዓይኑ ይከተላል። ቤት ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር እኔ፣ አንድ እሱ እናነባለን። ሲደክመው እናቆማለን።

ወረቀቱ ዛሬም ይመጣል። ትናንት 12 ደቂቃ ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።