የተማሪው ፋይል የት ይቀመጥ?

ትምህርት ቤት ላብ ውስጥ ተማሪ ዛሬ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ነገ ሌላው ላይ። ሥራው አብሮት እንዲዞር ብለን ሮሚንግ ፕሮፋይል (የተማሪው ሴቲንግና ፋይሎች፣ ማለትም ፕሮፋይሉ፣ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ በገባበት ኮምፒውተር ሁሉ የሚከተልበት አሠራር) እናበራለታለን። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ፕሮፋይሉ ሎግ ኢን ሲደረግ ከሰርቨር ወደ ኮምፒውተሩ ይገለበጣል፣ ሎግ ኦፍ ሲደረግ ደግሞ የተቀየረው ተመልሶ ይሄዳል። አንዱ ልጅ ዴስክቶፑ ላይ 2 ጊጋባይት ቪዲዮ ከከመረ፣ እንደሱ ያሉ 40 ልጆች ደወል ሲደወል በአንዴ ሲገቡ አስቡት፤ መምህሯ ቆማ ትጠብቃለች፣ ስክሪኑ ላይ ክቧ ትሽከረከራለች፣ ክፍለ ጊዜው እንዲሁ ያልቃል።

ለዚህ ነው ፎልደር ሪዳይሬክሽንን አጥብቄ የምመክረው። በግሩፕ ፖሊሲ (የላቡን ኮምፒውተሮች ከአንድ ቦታ ማስተካከያ) ዶክመንትስንና ዴስክቶፕን ወደ ሰርቨሩ ሼር፣ ማለትም በኔትወርክ ወደሚከፈት የጋራ ፎልደር፣ ታዞራላችሁ። ፋይሉ እዛው ይኖራል፣ ተማሪው ሲከፍተው ብቻ በኔትወርክ ይመጣል። ፕሮፋይሉ ይቀላል፣ ባክአፕም ከአንድ ቦታ ይወሰዳል። አፕዴታን (ፕሮግራሞች የራሳቸውን ሴቲንግና ዳታ የሚያስቀምጡበትን ፎልደር) ግን ባታዞሩት ይሻላል። ፕሮግራሞች ቶሎ ቶሎ ስለሚነኩት ኔትወርኩ ትንሽ ሲንገዳገድ እነሱም ይንገዳገዳሉ።

ደግሞ የዊንዶውስ ስሪት ሲለያይ ፕሮፋይሉም ይለያያል። ዊንዶውስ 7 ሰርቨሩ ላይ ስሙ በቪ2 (.V2) የሚያልቅ የፕሮፋይል ፎልደር ይፈጥራል፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከ1607 ስሪት ጀምሮ በቪ6 (.V6) የሚያልቅ። ሁለቱ አይገናኙም። አሮጌና አዲስ ማሽን በተቀላቀለበት ላብ ልጁ «ሥራዬ ጠፋ» ብሎ ከመጣ መጀመሪያ ይህን እዩ። ዶክመንትሱ ከዞረ ግን ከሁለቱም ያገኘዋል።