92 ቀን ተቀምጬ 107 ቀን አኮረፍኩ

ስለ ሜዲቴሽን የሚጻፈው ሁሉ ስለ ትንፋሽና ስለ አቀማመጥ ነው። እኔን የጣለኝ ግን ትንፋሽም አይደለም፣ አቀማመጥም አይደለም። ቁጥር ነው። ያኔ አንድ ሰው ጠርቶ "ቀን አትቁጠር" ቢለኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። እኔን ያየህ ተቀጣ።

አጀማመሬ የብዙ ሰው ነው። መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ። መሥሪያ ቤታችን "ከቤት ሥሩ" አለን። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሳሎን ላፕቶፕ ላይ አፈጣለሁ፤ ማታ ስንት ሰው ተያዘ የሚለውን ዜና እሰማለሁ፤ ሌሊት ጣራውን እያየሁ አድራለሁ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ሜዲቴሽን ሞክር" ብሎ የአንድ አፕ ስም ላከልኝ። ሰኞ መጋቢት 21 ጀመርኩ።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል እነሣለሁ። ፊቴን እታጠባለሁ። በርጩማ ላይ ቁጭ፣ ጀርባ ቀጥ፣ እጅ ጭን ላይ። ትንፋሽ አፍንጫ ላይ ሲገባና ሲወጣ ማዳመጥ። ሐሳብ ይዞ ይሄዳል፤ ራስን ሳይሳደቡ መመለስ። አለቀ። ከዚህ የበለጠ ምሥጢር አለው የሚላችሁ ሰው የሚሸጥላችሁ ነገር አለው። መሬት ላይ እግር አጣጥፎ መቀመጡን ሁለት ቀን ሞክሬው ነበር። እግሬ ደንዝዞ ስነሣ ግድግዳ ይዤ ነው የተረፍኩት። በርጩማ ይበቃል።

ደቂቃው ዐሥር ነው። ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የታወቀ የስምንት ሳምንት ሥልጠና አለ። እሱ በቀን 45 ደቂቃ ገደማ ያስቀምጣል። ጥሩ ነው፤ ግን አስተማሪ ኖሮት፣ ከሌሎች ጋር ተመዝግቦ ለሚሠራ ሰው ነው። ብቻውን ቤቱ ለሚጀምር ሰው 45 ደቂቃ ማለት ሰኞ ጀምሮ ሐሙስ መተው ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ። እኛ ቤት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ይተክዛል ማለት ነው። የሚተክዝ ሰው ደግሞ ብቻውን አይተውም። በሦስተኛው ቀን እማዬ ነጠላዋን እንዳደገደገች ከጓዳ ወጣች፣ አየችኝ፣ ፊቴ መጥታ ቆመች።

"ልጄ፣ ምን ሆንክ? ከሥራ አባረሩህ?"

"አይ እማዬ፣ ዝም ብዬ ትንፋሼን እያዳመጥኩ ነው።"

"ትንፋሽህ ምን ሆነ?"

ጊዜው ኮሮና ነው። ትንፋሽ የሚለውን ቃል ባልተናገርኩት ይሻል ነበር። በዚያው ቀን ግንባሬን ሦስት ጊዜ ዳሰሰችው፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፍልታ አጠጣችኝ። ማታ ላይ የንስሐ አባቷ ጋ ደወለች። እሳቸውም "ዝም ማለት ኃጢአት የለውም፤ ጸሎቱን ግን እንዳይተካበት" አሏት። ከዚያ ተወችኝ። ምክሬ ይህ ነው፦ ከቤተሰብ ጋር የምትኖሩ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ንገሯቸው። "ትንፋሽ" አትበሉ እንጂ።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ።

አፑ ለሰባት ቀን በነጻ ነበር። ከዚያ በኋላ በዶላር ይከፈላል። እኔ እዚህ ሆኜ ዶላር ከየት አመጣለሁ? አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ በራሷ ካርድ የዓመቱን ከፈለችልኝ። በየቀኑ አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴትዮ በእንግሊዝኛ ዐሥር ደቂቃ ትመራኛለች። ስጨርስ ስልኩ ላይ ክብ ይመጣል። ክቡ ውስጥ ቁጥር አለ፦ ሳላቋርጥ የተቀመጥኩበት ቀን ብዛት። 7 ሲሞላ ኮከብ ይሰጣል። 30 ሲሞላ ኮከቡ ያድጋል። አርባ ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ፤ በኮከቡ ደስ አለኝ።

ሠላሳውን ካለፍኩ በኋላ የምጠብቀው ትንፋሼን ሳይሆን ክቡን ነበር። ያኔ አልታወቀኝም። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ጨጓራዬ ተነሥቶብኝ ሙሉ ቀን ተኝቼ ዋልኩ። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ቁጥሩ ትዝ አለኝና ባነንኩ። ስልኩን አነሣሁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት፣ ትራሱ ሥር አስገብቼ ተመልሼ ተኛሁ። ሴትዮዋ ዐሥር ደቂቃ ለትራሱ መከረችው። ጠዋት ሳየው ቁጥሩ ጨምሯል። እኔም ሳቅኩ፤ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ የሐሰት ሰነድ ለራሴ አወራረድኩ። ያን ቀን ነበር አፑን መተው የነበረብኝ።

ማክሰኞ ሰኔ 23 ንጋት ተነሣሁ። በርጩማዬን ሳብኩ፣ አፑን ከፈትኩ። ይዞራል። ይዞራል። አልከፍት አለ። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። በሞባይል ዳታ ሞከርኩ። ስልኩን ዘግቼ ከፈትኩ። በረንዳ ወጣሁ። እኛ አራተኛ ፎቅ ነን፤ ከኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ እጄን ወደ ውጭ ዘርግቼ፣ ስልኩን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ። ብርድ ነበር። አርባ ደቂቃ እንዲያ ቆምኩ። አርባ ደቂቃ! አራት ጊዜ እቀመጥበት ነበር።

ምን እንደሆነ ያወቅኩት እማዬ ሬዲዮ ስትከፍት ነው። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ማታውን በጥይት ተገድሏል። ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተዘግቷል። ስንቱ ሰው እያለቀሰ ነው፣ ስንቱ በሩን ዘግቶ ምን ይመጣብኝ ይሆን እያለ ነው። እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ 92 ቁጥርን 93 ለማድረግ ሰማይ እለምናለሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

የባሰው ግን የተከተለው ነው። የዚያን ሳምንት ያህል መቀመጥ ያስፈለገኝ ጊዜ አልነበረም። ሥራ የለም፣ ወሬው ያስጨንቃል፣ ስልክ ሲጠራ ልብ ይደነግጣል። በርጩማው እዚያው ነው፣ ትንፋሼም እዚያው ነው። የሴትዮዋን ምክር በቃሌ ይዤዋለሁ። አልተቀመጥኩም። ለምን? ስለማይቆጠርልኝ። ማንም አላየኝም፣ ማንም አልከለከለኝም። ራሴ ነኝ ራሴን የቀጣሁት።

ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ኢንተርኔት ተመለሰ። መጀመሪያ የከፈትኩት ኢሜይል አይደለም፣ ቴሌግራምም አይደለም። ክቡን ነው። ዜሮ።

ተናደድኩና ለድርጅቱ ጻፍኩ። ጨዋ ደብዳቤ ነበር፤ ያለሁበትን አገር፣ የሆነውን፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደተዘጋ ሁሉ ዘርዝሬ። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። ስለ ትዕግሥቴ አመሰገኑኝ። የኢንተርኔት ችግር ካጋጠመኝ የራውተሩን ገመድ ነቅዬ፣ ሠላሳ ሰከንድ ጠብቄ፣ መልሼ እንድሰካው መከሩኝ። ያለፉትን ቀናት መመለስ እንደማይቻል ገለጹ። መጨረሻው ላይ "በጥልቀት ይተንፍሱ" የሚል ነበረበት። ሠላሳ ሰከንድ! ዓመታት አልፈውም ይህ ነገር ትዝ ሲለኝ ያበግነኛል። በጥልቀት ነው የምተነፍሰው፣ ግን በንዴት።

አኮረፍኩ። አፑን አጠፋሁት። በርጩማውን ወደ ጓዳ መለስኩት፤ እማዬ ሽንኩርት ስትልጥ ትቀመጥበት ጀመር። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ፣ አዲስ ዓመት መጣ። እንቅልፌም ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ ማለትም ጠፋ።

መስከረም መጨረሻ ላይ እማዬን ጉንፋን ጣላት። እማዬ በየንጋቱ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። እኔ ሳልወለድ የጀመረችው ነው። ያን ሰሞን ግን አራት ቀን አልጋ ላይ ነበረች። ረቡዕ ጥቅምት 4 ንጋት ድምፅዋን ከጓዳ ሰማሁ፤ ጎርነን ብሏል እንጂ ያው ነው። ስትጨርስ ሻይ ይዤላት ገባሁና ጠየቅኳት።

"እማዬ፣ ያመለጠሽንስ እንዴት አደረግሽው?"

"የቱን?"

"የእሑዱን፣ የሰኞውን፣ የማክሰኞውን።"

ምን ነካው በሚል ዓይን አየችኝ። "የማክሰኞውን ረቡዕ ላይ ምን አደርገዋለሁ? ረቡዕ የራሱ አለው።"

ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀን የተከፈለ ነው፤ ከሰኞ እስከ እሑድ ለእያንዳንዱ ቀን የራሱ ምንባብ አለው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። በዚህ ዓይን አይቼው ግን አላውቅም። ስንት ዓመት ሳታቋርጥ እንደደገመች ብትጠየቅ መልስ የላትም። የዛሬው የትኛው እንደሆነ ግን ዓይኗን ጨፍና ታውቃለች። እኔ የሦስት ወር ቁጥር ጠፋብኝ ብዬ ተቀይሜ ተቀምጫለሁ፤ እሷ ከአልጋ እንደተነሣች ረቡዕን ከፍታ ጀመረች።

በነጋታው ሐሙስ በርጩማዬን መልሼ ወሰድኩ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፣ የሙያ ነገር ሆኖብኝ፦ 92 ቀን ተቀምጬ 107 ቀን አኩርፌያለሁ። የቆጠርኩት የመጨረሻ ቁጥር ይህ ነው።

በኋላ ደግሞ ሳነብ የሚያበግን ነገር አገኘሁ። ፊሊፓ ላሊ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ነው። አንድ ነገር ልማድ እስኪሆን በመካከለኛው ግምት 66 ቀን ይፈጃል፤ ከሰው ሰው ደግሞ፣ ከ12 ሳምንቱ የሚያልፈውን በስሌት ገምተው፣ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ስለዚህ "በ21 ቀን ልማድ ይሆናል" የሚሏችሁን እለፏቸው። ዋናው ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን ያን ያህል እንደማይጎዳው አይተዋል። እማዬ ጥናቱን አላነበበችም።

አሁን እንዴት እንደማደርግ ልንገራችሁ። ስልክ ሳሎን አይገባም፣ መኝታ ቤትም አይገባም። ሰዓት አልይዝም። እማዬ ጓዳ ስትጀምር እጀምራለሁ፣ ስትጨርስ እጨርሳለሁ። "ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጉ" የሚለውን ምክር አትስሙ። አዲስ አበባ ውስጥ ጸጥ ያለ ቦታ ፍለጋ የወጣ ሰው ሲፈልግ ይኖራል። ከቤተ ክርስቲያኑና ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ አለ፣ የጎረቤት ጄሪካን አለ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሌሊት ባዶው በርሜል ውስጥ ሲወርድ እንደ ከበሮ ነው። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። አሁን እሱኑ አዳምጣለሁ፤ ሲሞላ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ያኔ ተነሥቼ ቧንቧውን ዘግቼ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

ሌላም ልጨምር። ለጓደኛ አታውሩ፤ "ዛሬስ ተቀመጥክ?" ማለት ይጀምራሉ፣ እሱም ቁጥር ነው። ትራስ፣ ሻማ፣ ዕጣን አትግዙ። ከባድ ሐዘን ወይም የጸና ጭንቀት ያለበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ ሊብስበት ይችላል፤ ያኔ አቁሞ ሐኪም ማናገር ነው፣ ጀግንነት አያስፈልግም። እንቅልፌ ተመለሰ ወይ ለምትሉ፣ አዎ ተመልሷል። ግን በመቀመጤ ይሁን ስልኩን ከመኝታ ቤት በማውጣቴ፣ እግዜር ይወቀው።

ይህን የምጽፈው ሰኔ መጨረሻ ነው። የበጀት ዓመት መዝጊያ ስለሆነ ቤት የምገባው እኩለ ሌሊት ነው። ሰኞ አልተቀመጥኩም። ማክሰኞም አልተቀመጥኩም። አሁን ረቡዕ እየነጋ ነው፤ እማዬ ጓዳ ጉሮሮዋን እየጠረገች ነው። በርጩማውን ልሳብ።